የፎቶግራፉ ምስክር

በዛሬ ዘመን ከአገር ወደ አገር ለመሻገር ያሰበ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰናዳው ፓስፖርት ለማውጣት ነው። ለዚሁም ጉርድ ፎቶግራፍ መነሣት የተለመደ ሥራ በመሆኑ ማንም እንደ ቁም ነገር አይቈጥረውም። በእንግሊዝ አገር ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው በወረቀት ቅጽ ሲያመለክት፥ ፎቶግራፉን ተነሥቶ ገንዘቡን ካዘጋጀ በኋላ ገና አንድ ነገር ይቀረዋል። ይኸውም ከሁለቱ ፎቶግራፎች በአንደኛው ጀርባ ላይ «ይህ የእገሌ ትክክለኛ መልክ መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብሎ በእጁ ጽፎ፥ ፈርሞና ቀን አስፍሮ የሚመልስለት ሰው ማግኘት ነው።

ይህም ሰው ማንም ሊሆን አይችልም። አመልካቹን ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚያውቅ፥ በሥጋም በጋብቻም የማይዛመደው፥ ከእርሱ ጋር በአንድ ቤት የማይኖር፥ የእንግሊዝ ወይም የአየርላንድ ፓስፖርት ያለው፥ ከዚህም ሁሉ ጋር በታወቀ ሙያ የሚሠራ ወይም ከሙያው በጡረታ የተሰናበተ፥ አለዚያም በሚኖርበት ሰፈር የተከበረ ሰው መሆን አለበት። እንግዲህ ደንቡን ልብ ብለን ብንመረምረው አንድ የሚያስገርም ነገር እናገኝበታለን። የአንድን ሰው መልክ ከማንም ይልቅ አጥርታ የምታውቀው የወለደችው እናቱ ናት፤ ከእርስዋ ቀጥሎ ሚስቱ፥ ወንድሙ፥ በአንድ ጣራ ሥር አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ነው። ሕጉ ግን እነዚህን ሁሉ ከደጅ መልሶ የሚያስገባው፥ ሰውየውን አልፎ አልፎ በመስኮት የሚያየውን የባንክ ሹም ነው። የቀረበው ያዳላል ተብሎ ይፈራል፤ የራቀው ደግሞ አያውቅም፤ ስለዚህ አመልካቹ የሚፈልገው ቀርቦ ያልቀረበ፥ ርቆም ያልራቀ ሰው ነው። ይህ ደንብ ከወዴት እንደ መጣና ዛሬም ብዙ ሰዎችን ስለ ምን እንደሚያስቸግር በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአገራችን አንባቢ ነገሩን ሲሰማ በመጀመሪያ የሚታሰበው የእኛው ዋስ ወይም ተያዥ ሳይሆን አይቀርም። ይሁን እንጂ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ዋስ የሚያስፈልገው ለሚመጣው ነገር ነው፤ ሰውየው ቢጠፋ ሊያቀርበው፥ ገንዘብ ቢያጐድል ከራሱ ኪስ ሊከፍል ይገባል። ስለዚህ ዋሱ ሀብት ያለው እንዲሆን መጠየቁ ምክንያት አለው። የፎቶግራፉ መስካሪ ግን የሚናገረው ስለ አሁኑ ብቻ ነው፤ «ይህ ፊት የዚህ ስም ባለቤት ነው» ይላል፤ በዚሁም ያበቃል። አስቦ ውሸት ከመሰከረ በወንጀል ይጠየቃል እንጂ ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ንብረቱ አይያዝም። እንዲህ ከሆነ ዘንድ ዕውቀቱ ሲበቃ ማዕርጉ ለምን ይጠየቃል? መልሱ ከታሪኩ ውስጥ ይገኛል።

እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የእንግሊዝ ፓስፖርት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በስሙ የሚሰጠው የይለፍ ወረቀት ነበረ እንጂ፥ ማንም ሰው ቅጽ ሞልቶ የሚጠይቀው ሰነድ አልነበረም። ወረቀቱም ከ1772 እስከ 1858 ድረስ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ዋጋው ከሁለት ፓውንድ በላይ ስለ ነበረ የሚያወጡት መኳንንትና ባለጸጎች ነበሩ፤ እነዚህንም ሚኒስትሩ ራሱ ያውቃቸዋል፥ ወይም እርሱ የሚያውቀው ሰው ያቀርብለታል። በዚያን ጊዜ ዕውቀትና ማዕርግ አንድ ነገር ነበሩ ለማለት ይቻላል፤ በሚኒስትሩ ዘንድ የማይታወቅ ሰው ፓስፖርት የሚያወጣበት ጕዳይም ብዙ አልነበረውምና።

ሎርድ ፓልመርስተን በ1851 ዋጋውን ወደ 7 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ባወረደው ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። የምድር ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ተራውን ነጋዴ፥ መምህሩንና ሠዓሊውን ወደ ፓሪስና ወደ ሮማ ማመላለስ ጀምረው ነበር። ሚኒስትሩ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ በእርሱ ፈንታ ሌላ የሚያውቅ ሰው አስፈለገ፤ በመጀመሪያም ረገድ የባንክ ቤቶች የምስክር ደብዳቤ ተቀባይነት አገኘ። ባንኩ የሚያውቀው የሰውየውን ሒሳብ ነው እንጂ መልኩን አይደለም ቢባል፥ በዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ በወረቀቱ ላይ ስላልነበረ የመልክ ነገር ማንንም አላስጨነቀም።

ያስጨነቀው በ1858 የመጣው ነገር ነው። በዚያ ዓመት ጥር 14 ቀን ማታ፥ የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሌዎን 3ኛ ከእቴጌይቱ ጋር ወደ ፓሪስ ኦፔራ ቤት ሲደርስ ፌሊቼ ኦርሲኒ የሚባል ኢጣሊያዊ ከግብረ አበሮቹ ጋር ሦስት ቦምብ ወረወረበት። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌይቱ ተረፉ፤ ነገር ግን 8 ሰዎች ሞቱ፤ ከመቶ በላይም ቈሰሉ። ምርመራው ሲካሄድ ቦምቦቹ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የተሠሩ ሆነው ተገኙ። ከዚህም የባሰው፥ ኦርሲኒ ፓሪስ የገባው ቶማስ ኦልሶፕ በሚባል እንግሊዛዊ ስም በተጻፈ የእንግሊዝ ፓስፖርት መሆኑ ታወቀ። ፈረንሳዮች ተቈጡ፤ የቍጣውን ጥያቄ ለማስተናገድ ፓልመርስተን ያቀረበው የሕግ ረቂቅ ደግሞ እንግሊዞችን አስቈጥቶ የእርሱን መንግሥት በየካቲት ወር ጣለው።

በፓስፖርቱ ረገድ የደረሰው ለውጥ ግን ከመንግሥት መውደቅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያለው ሆነ። ከ1858 ጀምሮ ፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ ተጻፈ፤ ለእንግሊዝ ተገዢዎች ብቻ እንዲሰጥም ተደረገ፤ ዋጋውም ወደ 2 ሽልንግ ዝቅ አለ። ዋጋው ሲረክስ ምስክሩ መጥበቅ ነበረበት። እነሆ፥ የአመልካቹን ማንነት ሊያረጋግጡ የሚችሉት ሰዎች በሙያቸው ተዘረዘሩ፤ ከንቲባ፥ ዳኛ፥ የሃይማኖት አገልጋይ፥ ሐኪም፥ ቀዶ ጠጋኝ፥ ጠበቃ፥ የውል አዋዋይ ተባለ። ዛሬ አመልካቹን የሚያስጨንቀው ዝርዝር ዘሩ ይህ ነው።

እነዚህ ሰዎች ስለ ምን ተመረጡ? የተማሩና የተከበሩ ስለ ሆኑ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኛ ግን ሌላ ምክንያት ይታየናል። የእንግሊዝ የሐኪሞች ሕግ የወጣውና ሐኪሞች ሁሉ በአንድ መዝገብ እንዲጻፉ የታዘዘው በዚሁ በ1858 ነው። የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ካህናት ስም የሚዘረዝረው የክሮክፎርድ መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውም በዚሁ ዓመት ነው። የጠበቆች ዝርዝርማ ከዚያ በፊት ጀምሮ ይታተም ነበር። ዓመቶቹ የተገጣጠሙት በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ግን ተገጣጥሟል። በለንደን ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ጸሓፊ ከዮርክ ወይም ከብሪስቶል የመጣ ደብዳቤ ሲደርሰው አመልካቹን አያውቀውም፤ የፈረመውንም ቄስ አያውቀውም። ነገር ግን መጽሐፉን ገልጦ «በዚህ ስም የሚጠራ ቄስ በዚህ ደብር አለ» ለማለት ይችላል። እንግዲህ ተስማሚ ምስክር ማለት ይበልጥ የሚያውቅ ሰው ማለት ሳይሆን ራሱ በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ ሰው ማለት ሆነ። ጽሕፈት ቤቱ የማያውቀውን ሰው ለማወቅ በመዝገብ የተጻፈን ሰው እንደ ድልድይ ተጠቀመበት። እናቲቱ ከደጅ የተመለሰችው ታዳላለች ተብላ ብቻ አይደለም፤ በየትኛውም መጽሐፍ ስሟ አይገኝም ነበርና ነው።

ከዚያ በኋላ ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ነገሩ ላላ። አብዛኞቹ የአውሮፓ መንግሥታት መንገደኛውን ፓስፖርት መጠየቅ ስለ ተዉ፥ አንድ እንግሊዛዊ ባርኔጣውን ደፍቶ፥ ገንዘቡን ይዞ ብዙውን አገር ለመዞር ይችል ነበር። ይህን ያስቀረው የ1914 ጦርነት ነው።

ጦርነቱ በተጀመረ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ካርል ሃንስ ሎዲ የሚባል የጀርመን ባሕር ኃይል ተጠባባቂ መኰንን ቻርልስ ኢንግሊስ በሚባል አሜሪካዊ ስም እንግሊዝ አገር ገባ። እንግሊዝኛውን በአሜሪካኖች አነጋገር አቀላጥፎ ይናገር ነበር። የያዘው ፓስፖርት ሐሰተኛ አልነበረም፤ እውነተኛው ባለቤት በርሊን ውስጥ ለጕዳይ አስገብቶት «ጠፋ» የተባለ እውነተኛ የአሜሪካ ፓስፖርት ነበር። ፎቶግራፍ ስላልነበረበት ግን ከማን እጅ ቢገባ የዚያ ሰው ይሆናል። ሎዲ በመጨረሻ በአየርላንድ ተይዞ ሕዳር 6 ቀን 1914 በለንደን ግንብ ውስጥ በጥይት ተደበደበ። አሜሪካኖች በዚያው ዓመት መጨረሻ በፓስፖርት ላይ ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ አዘዙ፤ እንግሊዞችም በ1915 ተከተሉ።

በ1915 የወጣው የእንግሊዝ ፓስፖርት ለስምንት የተጣጠፈ አንድ ወረቀት በካርቶን ሽፋን ውስጥ ያለበት ነበር። ከፎቶግራፉና ከፊርማው ሌላ የፊት ቅርጽ፥ የቈዳ ቀለም፥ የገጽታ አኳኋን የሚጻፍበት ቦታ ነበረው። የተከበሩ ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ቈጥረው አጕረመረሙ፤ ፊታቸው እንደ ከብት ምልክት ሲመዘገብ ማየት ያልለመዱት ነገር ነበርና ልንፈርድባቸው አንችልም። በ1920 በፓሪስ የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ከተደረገ በኋላ ፓስፖርቱ ዛሬ የምናውቀውን የደብተር መልክ ያዘ።

ነገር ግን ፎቶግራፉ አንዱን ችግር ሲፈታ ሌላውን አመጣ። ፎቶግራፍ ከፓስፖርት ላይ ከተለጠፈና ማኅተም ከተመታበት ወዲህ ያለውን ነገር ይጠብቃል፤ ሎዲን የመሰለ ሰው የሌላውን ወረቀት ይዞ እንዳይሄድ ያግደዋል። ከመለጠፉ በፊት ያለውን ነገር ግን ሊጠብቅ አይችልም። አንድ ሰው የጎረቤቱን የልደት ወረቀትና የራሱን ፎቶግራፍ በአንድ ፖስታ ቢልክ፥ ፎቶግራፉ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር የለም። ፊቱን ከስሙ ጋር የሚያስተሳስር የሰው ቃል ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት በ1858 ስለ አመልካቹ ጠባይና ዜግነት ደብዳቤ ይጽፍ የነበረው ያው የተከበረ ሰው ወደ ፎቶግራፉ ጀርባ ተዛወረ። ሥራው ተለወጠ፤ ማዕርጉ ግን አብሮት ተጓዘ።

ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ እየሰፋ ሄደ። ዛሬ የእንግሊዝ መንግሥት ለምሳሌ ያህል ብሎ ከሚጠቅሳቸው ሙያዎች መካከል የሒሳብ ዐዋቂ፥ የአውሮፕላን ነጂ፥ መምህር፥ ነርስ፥ ጋዜጠኛ፥ የንግድ መርከብ መኰንን፥ የመነጽር ባለሙያ፥ የእግር ሐኪም፥ የሐራጅ ሻጭ፥ የሠራተኞች ማኅበር ሹም፥ የመጠጥ ቤት ፈቃድ ያለው ሰው፥ የቀብር ሥነ ሥርዓት አስፈጻሚም ይገኙበታል። ቋሚ የመንግሥት ሠራተኛም ስላለበት የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ቅር የሚላቸው አይመስለንም። ይህን ዝርዝር ያነበበ ሰው ምን ያያይዛቸዋል ብሎ ቢደነቅ ትክክል ነው። መጠጥ ሻጩ ሰክሮ የሚገባውንም ሳይሰክር የሚወጣውንም ፊት ስለሚያውቅ በእውነቱ ከባንክ ሹሙ የተሻለ ምስክር ነው፤ ነገር ግን ከዝርዝሩ የገባው ፈቃዱ በመንግሥት መዝገብ ስለሚገኝ ይመስለናል። አናጢው፥ የአውቶቡስ ነጂው፥ ቤት የምትጠርገው ሴት ግን በስም አልተጠቀሱም። በሰፈራቸው የተከበሩ ናቸው ተብሎ ሊፈቀድላቸው ይችል ይሆናል፤ አመልካቹ ግን ማመልከቻው እንዳይመለስበት ስለሚፈራ ከተጻፈው አይወጣም።

የሐኪሞች ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። በየሰፈሩ የተከበረ ሰው የማያውቅ ድኻ ሁሉ ቢያንስ ሐኪም ስላለው ወደ ሐኪሙ ሄዶ ማስፈረም የተለመደ ነበር። ሐኪሞቹም ጊዜያቸው በዚህ መባከኑን እየጠሉ አንዳንዶቹ ገንዘብ ማስከፈል ያዙ። ዛሬ ደንቡ ተገልብጦ፥ ሐኪም አመልካቹን በሚገባ የሚያውቀው፥ ለምሳሌ ወዳጁ ሆኖ በቀላሉ የሚለየው መሆኑን ካልገለጸ በቀር እንዳይፈርም ይላል። በ1858 ከተዘረዘሩት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የነበረ ሙያ ከዝርዝሩ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ምክንያቱም ትክክል ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ጕሮሮ ያየ ሰው ፊት አየ አይባልም። ሆኖም በዚህ የተጐዳው ያው ድኻው ነው።

የምስክርነቱ ደንብ ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ፥ ወደ አውስትራሊያና ወደ ኒው ዚላንድም ተላልፏል። ከሁሉ ይልቅ ድክመቱ የተገለጸው በካናዳ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ ሚያዝያ 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ከተማ ከተገደሉ በኋላ፥ በግድያው የሚፈለገው ጄምስ ኧርል ሬይ ወደ ቶሮንቶ ሸሸ። ሬይ ከአንድ ዓመት በፊት ከሚዙሪ ወኅኒ ቤት ያመለጠ እስረኛ ነበር። በቶሮንቶ የቈዩ ጋዜጦችን ገልጦ ከልደት ማስታወቂያ ውስጥ በዕድሜ የሚመስሉትን ሰዎች ስም ለቀመ። ከእነዚህ አንደኛው፥ ሬይ ሳያውቅ፥ የከተማው ፖሊስ ባልደረባ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነው። ሬይ ለፓስፖርት ሁለት ዓመት የሚያውቀው ካናዳዊ መስካሪ እንደሚያስፈልገው ሰምቶ ስለ ነበረ፥ በአንድ ስም አመልካች፥ በሌላ ስም ደግሞ መስካሪ ሆኖ ራሱ ለራሱ ሊመሰክር አስቦ ነበር። ወደ አንድ የጕዞ ወኪል በሄደ ጊዜ ግን ይህ ሁሉ ድካም እንደማያስፈልገው ተነገረው። ሕጉ የሚያውቀው ሰው ለሌለው ሰው አንድ ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ አመልካቹ «ሁለት ዓመት የሚያውቀኝ ሰው በአገሩ የለም» ብሎ በመሐላ ቢፈርም ይበቃዋል። ሬይ ይህን ፈረመ፤ ፓስፖርቱም ወጣለት። በጽሕፈት ስሕተት የስሙ የመጨረሻ ፊደል ተለውጦ ስለ ነበረ ሊዝበን በደረሰ ጊዜ በካናዳ ኤምባሲ አሳረመው። ሰኔ 8 ቀን 1968 በለንደን አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ብራስልስ ሊሳፈር ሲል ተያዘ፤ ሁለቱንም ፓስፖርቶች ይዞ ነበር። በ1969 ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ተፈረደበት፤ ቈይቶም ቃሉን አጠፈ።

የቀዳዳው ነገር እንደ ታወቀ ካናዳውያን ተደናገጡ፤ የዜግነት ማስረጃ ማቅረብም በጥብቅ ተጠየቀ። ነገር ግን ቀዳዳው ለወንጀለኛ የተበጀ አልነበረም። በካናዳ ሰፊ ምድር አዲስ የሰፈረ፥ በእርሻና በጫካ ሥራ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር ብዙ ሰው ስለ ነበረ ለእርሱ የታሰበ ርኅራኄ ነበር። ሬይ የገባው እንግዳ ሰው በሚገባበት በር ነው።

በልብ ወለድ ዓለም ያለውን ደግሞ ብናነሣ፥ ፍሬደሪክ ፎርሳይት በ1971 ባሳተመው በስመ ጥሩው የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ውስጥ ገዳዩ በሕፃንነቱ በሞተ ልጅ የልደት ወረቀት የእንግሊዝ ፓስፖርት ሲያወጣ፥ መስካሪ አድርጎ የሚጽፈው ከነገሩ የሌለበትን ቄስ ነው። በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኝ ምስክር ማንም መጽሐፉን ካልገለጠ ዋጋ እንደሌለው ደራሲው ተረድቶት ነበር።

ካናዳ የ1858ን ዝርዝር ጨርሳ የተወችው በጥቅምት 1 ቀን 2007 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐኪም፥ ዳኛ፥ ቄስ መሆን ቀርቶ፥ ራሱ የካናዳ ፓስፖርት ያለውና አመልካቹን ሁለት ዓመት ያወቀ አዋቂ ሰው ሁሉ መስካሪ ለመሆን ይችላል። ዘመድም ቢሆን፥ በአንድ ቤት የሚኖርም ቢሆን አይከለከልም። እናቲቱ ገባች ማለት ነው። የገባችውም መንግሥት የእናትን ቃል ማመን ስለ ጀመረ ብቻ አይደለም፤ የእርስዋ ፓስፖርት ቍጥር በራሱ በጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ስለሚገኝ ነው። የካህናቱና የሐኪሞቹ መጽሐፍ ይሰጠው የነበረውን አገልግሎት ዛሬ የፓስፖርቱ መዝገብ ራሱ ይሰጣል። በእኛ አስተያየት ይህ የተሻለው መንገድ ነው፤ የሚያውቅ ሰው እንዲመሰክር ያደርጋልና።

እንግሊዝ ግን ሁለቱንም በአንድነት ይዛለች፤ ፓስፖርትም ትጠይቃለች፥ ሙያም ትጠይቃለች፥ ዘመድንም ትከለክላለች። ይህ በአገሩ ተወልዶ ላደገ ሰው ብዙም ችግር አይደለም፤ የቀድሞ አስተማሪውን ፈልጎ ያስፈርማል። ከ1974 አብዮት ወዲህ ወደ ለንደን ተሰደው ከሠፈሩት ወገኖቻችን እንደ አንዱ ያለ ሰው ግን ዜግነት አግኝቶ የመጀመሪያ ፓስፖርቱን ሲጠይቅ የሚያውቁትን ሰዎች ቢቈጥር፥ ወንድሙና የሚስቱ ወንድም ዘመድ ናቸው ተብለው ይወድቃሉ፤ አብሮት ቤት የተከራየው ባልንጀራው በአንድ ቤት ይኖራል ተብሎ ይወድቃል፤ የንስሓ አባቱ የሃይማኖት አገልጋይ ስለ ሆኑ በሙያቸው ይስማማሉ፥ ነገር ግን እርሳቸውም የስደተኛ ሰነድ ብቻ የያዙ ከሆኑ ሊፈርሙለት አይችሉም። የሥራ አለቃው ይቀራል። አለቃውም አምስት ወር ሳይሆነው የመጣ እንደ ሆነ ሁለት ዓመት አልሞላም። ለዚህ ሰው «ተስማሚ ምስክር አምጣ» ማለት ከአገሩ ጋር እስኪዋሐድ ድረስ ጠብቅ እንደ ማለት ነው፤ ያውም ዜግነቱን መንግሥት ራሱ መርምሮ ከሰጠው በኋላ። ከ2007 ጀምሮ አዋቂ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት የሚያወጣ ሰው በቃል ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህ ሳለ የምስክሩ ጥያቄ አለመላላቱ ያስገርመናል።

በቅርብ ዓመታት በኢንተርኔት ለሚያመለክት ሰው የፎቶግራፉ ጀርባ ቀርቷል። መስካሪው በኢሜይል መልእክት ይደርሰዋል፤ ፎቶግራፉን በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ አይቶ የሚያውቀው ሰው መሆን አለመሆኑን ይመልሳል። እስክሪብቶ አይነሣም፤ ወረቀት አይላክም። የመስካሪው ሙያና የራሱ ፓስፖርት ቍጥር የሚሞላበት ቦታ ግን እንደ ቀድሞው አለ።